የእትዬ ለከርሞ ኳስ

ስሙን ያወጡላት የተማሪ እናቶች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትሰፋ አንድም ልጅ ልኩን ለብሶ ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። እጅጌው ጣት ይሸፍናል፣ ቀሚሱ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ሱሪው ወገብ ላይ ሁለቴ ይጠቀለላል። እናትየዋ «ኧረ እትዬ፣ ልጁ እኮ ውስጡ ጠፋ!» ስትል እሷ በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ ሳታወጣ «ለከርሞ ይሆነዋል» ትላለች። አልዋሸችም፤ ለከርሞ ይሆነዋል። ዘንድሮን በምን ይለፈው ብሎ የሚጠይቃት ግን አልነበረም። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሟ ተረስቶ «እትዬ ለከርሞ» ሆና ቀረች።

አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ለጌጥ ነው። የምትለካው በዓይኗ ነው። ሰው በር ላይ ቆሞ ሰላምታውን ሳይጨርስ ቁመቱን፣ ትከሻውንና ወገቡን ለክታ ጨርሳለች። ከዚያ በላዩ ላይ አራት ጣት ትጨምርበታለች። ዓይኗ ተሳስቶ አያውቅም፤ የሚያሳስታት አራቱ ጣት ነው። ይህን ደፍሮ የነገራት ሰው የለም፤ አንድያ ልጇም ብትሆን አልነገረቻትም።

ኋላ ትምህርት ቤቶቹ ዩኒፎርሙን ከፋብሪካ በጅምላ ማስመጣት ሲጀምሩ የስፌት መኪናዋ ሥራ ፈታ። ይኼኔ አንድ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ፣ የልጆቹን ዩኒፎርም እሷ ዘንድ ሲያሰፋ የኖረ የጥንት ደንበኛዋ፣ «እንዳንቺ ያለ ዓይን ቤት አይቀመጥም» ብሎ ሱቁ ውስጥ ቀጠራት። እውነትም ጓንቱን፣ የጉልበት ማሰሪያውን፣ የሩጫ ጫማውን ሰውየውን አንድ ጊዜ አይታ ከመደርደሪያው ታወርዳለች። ጫማ ሲሰፋው ደንበኛው እዚያው አውልቆ ስለሚመልስላት ጫማ ላይ ጠባይ ያዘች። ኳሱ ላይ ግን የሚመልሳት አልተገኘም።

ኳስ ሲባል በእግር የሚለጋው አይደለም። ሰው የሚቀመጥበት፣ ለዮጋና ለወገብ እንቅስቃሴ የሚሆን ትልቅ የላስቲክ ኳስ ነው። በሦስት መጠን ይመጣል፤ ሲነፋ ወርዱ ሃምሳ አምስት፣ ስልሳ አምስትና ሰባ አምስት ሳንቲሜትር የሚሆን። የትኛው ለየትኛው ቁመት እንደሆነ የሚናገር ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እትዬ ለከርሞ አንድ ቀን አንብባው «ጥሩ ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ዓምና የቀን መቁጠሪያ ዞር ብላ አላየችውም። ደንበኛ ሲመጣ በዓይኗ ትለካዋለች፣ አንድ መጠን ከፍ ታደርግለታለች፣ አጠንክራ ትነፋለች፣ መርቃ ትሸኛለች። ራሷ ኳስ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ኳስ ላይ ምን ልትሠራ ትቀመጣለች?

ልጇ ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ፅንስ በአምስተኛው ወር ወርዶባታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ እርግዝና የሚወራው ድምፅ ተቀንሶ ነው፤ «ሲወለድ» የሚል ቃል ከማንም አፍ አይወጣም። የክትትል ነርሷ ለወገብ ሕመሟ «ኳስ ላይ እየተቀመጥሽ ዳሌሽን ቀስ አድርገሽ አንቀሳቅሺ» ስትላት እናትየዋ ደስታዋን አልቻለችውም። ለመንደሩ ሁሉ የምታድለው ኳስ ዛሬ ለገዛ ልጇ ሊሆን!

በማግስቱ ይዛላት ሄደች። የልጅቷ ቁመት አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ነው። ዓይኗ ትንሹን አለ፤ እጇ መካከለኛውን አነሳ። «ሆድሽ ገና ያድጋል፤ ለዘጠነኛው ወር ይሆንሻል» ብላ፣ በጥፊ ቢመቱት እስኪጮህ ድረስ ነፍታ ሳሎኑ መሀል አስቀመጠችው። ልጅቷ ኳሱን አየችው፣ እናቷን አየቻት። «እሺ እማ» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲሁ ስትል ነው የኖረችው።

ይህ የሆነው ሰኞ ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ አራት ሰዓት አለፍ ሲል፣ አንዲት ቀጭን ሴት የተጣጠፈ ኳስ ብብቷ ውስጥ ይዛ ሱቁ ገባች።

«እትዬ፣ ይሄን ኳስ ለጡረተኛው መምህር የሸጡላቸው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ምነው፣ ተነፈሰ እንዴ?»

«ያስተነፈስኩት እኔ ነኝ። ኳሱ ጤነኛ ነው፤ ጤና ያጡት እሳቸው ናቸው። ትናንት ከላዩ ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል።»

ሴትዮዋ የዮጋ አስተማሪ ነች፤ ሽማግሌው ከተማሪዎቿ አንዱ ናቸው። እትዬ ለከርሞ ደረቷን ያዘች።

«እኔን! ምን አገኛቸው?»

«ቁመታቸው ስንት ይሆናል ይላሉ?»

«አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት» አለች ወዲያው። ዓይኗን የሚፈትን ሲመጣ መልስ አታሳድርም።

«ልክ ነዎት። ለዚያ ቁመት ሠንጠረዡ ሃምሳ አምስቱን ነው የሚለው። ታዲያ ስልሳ አምስቱን ለምን ሰጧቸው?»

እትዬ ለከርሞ አፏን ከፈተች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ለከርሞ ይረዝማሉ ብሎ መናገር ለእሷም ከበዳት።

«እርስዎ ተቀምጠውበት ያውቃሉ?»

«እኔ? ኧረ አላውቅም።»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰሙም?» አለች አስተማሪዋ። ሳቅ የሚባል ፊቷ ላይ የለም። ለማሳያ ተነፍቶ የተቀመጠውን መካከለኛ ኳስ በእግሯ ገፋ አድርጋ አመጣችው። «ይቀመጡ እስቲ።»

ባለ ሱቁ ከወደ ጓዳ ብቅ ብሎ እያየ ነው። እትዬ ለከርሞ ለክብሯ ስትል ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች። መቀመጧንስ ተቀመጠች፤ ተረከዟ ግን መሬት አላገኘም። በጣቶቿ ጫፍ ወለሉን ስትፈልግ ኳሱ ከሥሯ ወደ ኋላ ሸሸ። የጫማ መደርደሪያውን ጨበጠች፤ አራት ካርቶን ጫማ ራሷ ላይ ወረደ። አስተማሪዋ ብብቷን ይዛ ባታቆማት ኖሮ እሷም ወርዳ ነበር።

«አዩ አይደል? ልኩ ቢሆን መርገጫዎ በሙሉ መሬት ይነካ ነበር፣ ጉልበትዎም ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው እጥፍ ይል ነበር። ይሄኛው አንጠልጥሎ ነው ያስቀረዎት። ደግሞ እንዲህ ጠንክሮ ከተነፋ ድንጋይ ማለት ነው፤ ሰው አይሸከምም፣ ያሽቀነጥራል። እኔ እኮ እጅ ብቻ በመሰበሩ አምላኬን አመስግኛለሁ። ነፍሰ ጡር ብትሆንስ?»

የመጨረሻው ቃል ሲገባት የእትዬ ለከርሞ ከንፈር አመድ መሰለ። አስተማሪዋ የተጎዳች መስሏት «ምነው፣ ወገብዎን ነው?» ትላለች፤ እሷ ግን ስልኳን ከቦርሳዋ ለማውጣት ከዚፑ ጋር እየታገለች ነበር።

ደወለች። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ደገመች። አይነሳም። ልጅቷ ስልክ ከእጇ የማትለይ፣ ሁለት ጊዜ ሳይጠራ «አቤት እማ» የምትል ነች። የባሏን ብትሞክር ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሠራተኛው ስልኩን በር ላይ አስረክቦ ነው የሚገባው። ልጅቷ ቁርስ ዕቃ አጥባ ከሦስት ሰዓት በኋላ እንቅስቃሴ እንደምትሠራ ራሷ ነግራታለች። የሱቁ ሰዓት አራት ከሃያ ይላል።

«ልጄ ጋ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷም ጋ ያለው ከልኳ በላይ ነው።»

አስተማሪዋ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። ባለ ሱቁ «ሂጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ ጮኸ። እትዬ ለከርሞ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጥታ ሮጠች።

ታክሲ ታጣ። አውቶቡስ ተሳፈረች። አውቶቡስ ደግሞ ሰው ሲቸኩል ያውቃል መሰለኝ፣ በየፌርማታው ቆሞ የሌለ ተሳፋሪ ይጠብቃል። አንዲት አሮጊት ለከርሞም የማያልቅ ኮተታቸውን አንድ በአንድ ሲያስገቡ እትዬ ለከርሞ በልቧ ረገመቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ ክፉ ነገር በራሷ ላይ እንዳይዞር ፈርታ ይቅር በለኝ አለች። በመካከሉ ትደውላለች። ይጠራል፣ ይዘጋል። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ።

መስኮቱን ተደግፋ የማታስበው ነገር የለም። ከሁሉ የከፋባት ግን ቤቷ ያለው የታችኛው መሳቢያ ነው። ያ የወረደው ፅንስ ገና ሦስት ወር ሳለ አሥራ አንድ ልብስ ሰፍታለት ነበር፤ አሥራ አንዱም ለአንድ ዓመት ልጅ የሚሆን። ከርሞ መጣ፤ ልጁ አልመጣም። ልብሶቹን አጣጥፋ መሳቢያው ውስጥ አስገባችና ቆለፈችበት። ለዚህኛውም ሰባት ሰፍታለች። ሰባቱም ለአንድ ዓመት ልጅ ነው። ለተወለደበት ቀን የሚሆን አንድም ጨርቅ የለውም። ይህን እስከ ዛሬ አስተውላው አታውቅም ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ የማይነሳ ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ ታያት።

አራት ፎቅ ደረጃ እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

«ልጄ! እናቴ! ክፈቺልኝ!»

ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እማ... መነሳት ፈርቼ ነው። ቁልፍ አለሽ አይደል?»

ቁልፉ ነበራት፤ ከቦርሳዋ ሥር፣ ከክርና ከመርፌ ጋር ተጠላልፎ። ቀዳዳውን ሦስት ጊዜ ሳተችው። በሩ ሲከፈት ልጇ ሶፋውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከማትደርስበት ቦታ ነው። ኳሱ ተንከባሎ መስኮቱ ሥር ደርሷል። ምንም ያልሆነው እሱ ብቻ ነው።

«የት መታሽ? ደም አለ? የት ነው ያመመሽ?»

«አልመታኝም። ተንሸራተትኩ፤ ሶፋውን ይዤ ቀስ ብዬ ነው የወረድኩት። አያመኝም። ደምም የለም።» ወደ ሆዷ አየች። «ግን ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም፣ እማ። ብነሳ የሆነ ነገር የሚፈስብኝ እየመሰለኝ ነው የተቀመጥኩት።»

«ከስንት ሰዓት?»

«ከሦስት ተኩል።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ከሩብ ይላል። እትዬ ለከርሞ ሆዱን ነካችው። ዝም ብሏል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ገላ በዓይኗ ስትለካ የኖረች ሴት አሁን ዓይኗ ምንም አልነገራትም። «ምንም አይደለም» አለች፤ ያልሆነ ነገር ስትናገር ድምፅዋ እንደሚቀጥን ልጇ ታውቃለች።

በስልክ የጠሩት ታክሲ እስኪመጣ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እስኪወርዱ፣ ክሊኒኩ እስኪደርሱ ድረስ እናትየዋ የልጇን ክንድ አልለቀቀችም። ልጅቷ አንድ ጊዜ ብቻ «ዝም አለ» አለች።

የክትትል ነርሷ ወዲያው ልጅቷን አልጋው ላይ አስተኛቻት፣ እናትየዋን በዓይኗ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። የሆነውን ሰማች፣ ሆዷን ቅባት ቀብታ የፅንስ ልብ ማዳመጫውን አስቀመጠች። ከማሽኑ የሚሰማው የሚንሿሿ ነገር ብቻ ነው። ወደ ግራ ወሰደችው። መንሿሿት። ወደ ታች ወሰደችው። መንሿሿት። ነርሷ ግንባሯን ቋጠረች። እትዬ ለከርሞ የአንገቷን ሜትር ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች፣ ትጠመጥማለች፤ ጣቷ ደም አጥቶ ነጥቷል። አንድ ጊዜ ይሄን ክፍል አይታዋለች። ያን ጊዜም ነርሷ እንዲህ ግንባሯን ቋጥራ ነበር።

«በጎንሽ ዞር በይልኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

ልጅቷ ዞረች። ማዳመጫው ከጎኗ ሥር ገባ። መንሿሿት፣ ከዚያ አንድ ነገር፣ ከዚያ ጠፋ። ነርሷ እጇን ፀጥ አደረገች። መጣ። ቶሎ ቶሎ የሚረግጥ፣ የሚቸኩል፣ ለማንም የማይቆም ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ይኸው! አንድ መቶ አርባ ሁለት። ተኝቶ ነው እኮ! እናንተ ከተማ ታቋርጣላችሁ፣ እሱ እንቅልፉን ይለጥጣል።»

እትዬ ለከርሞ አለቀሰች፤ በሽርጧ አፏን አፍና፣ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ። ልጅቷ ጣሪያውን እያየች በዝምታ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። ነርሷ ለሁለቱም ጊዜ ሰጠቻቸው፤ ከዚያ መሳቢያዋን ስትፈልግ ቆየችና ዞር አለች።

«የእኔ ሜትር ተበጥሷል። እትዬ፣ የአንገትዎን ያውሱኝ እስቲ።»

አወለቀችው። ነርሷ በአልኮል ጠርጋ አንዱን ጫፍ ከሆዱ ሥር፣ ሌላውን ከአናቱ ላይ ዘረጋች፤ ጎንበስ ብላ አነበበች። «ሃያ ዘጠኝ። የሃያ ዘጠኝ ሳምንት ሆድ ሃያ ዘጠኝ ሳንቲሜትር። ልክ የዛሬውን ያህል ነው፤ አላነሰም፣ አልበለጠም።» ሜትሩን መለሰችላትና ለሦስት ሰዓት ያህል እዚሁ እንከታተላታለን ብላ ወጣች።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት» አለች ልጅቷ። «እግሬ መሬት አልደረሰም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት!» ቁጣው ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችም።

«መቼ ነግሬሽ አውቃለሁ፣ እማ? ስምንተኛ ክፍል እስክደርስ እጅጌዬን ስጠቀልል ነው ያደግኩት። ልኬ ሲሆን ደግሞ ጨርቁ ነትቦ ያልቃል። አንድ ቀን እንኳ አዲስ ልብስ ልኬ ሆኖ ለብሼ አላውቅም።»

«የሚጠብቀው ልብስ ያለው ልጅ ያድጋል ብዬ እኮ ነው» አለች እናትየዋ።

«ያኛውንም ልብሱ ጠብቆት ነበር።»

ክፉ አስባ አልተናገረችውም። እናትየዋም ክፉ አድርጋ አልሰማችውም። ከወንበሩ ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የልጇን እግር ያዘች። ከደቂቃዎች በኋላ ልጅቷ ድንገት ቀና ብላ የእናቷን እጅ ጎትታ ሆዷ ላይ አደረገችው። ከሥሩ አንድ ትንሽ ነገር ገፋ፣ ደግሞ ገፋ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ሦስተኛም ገፋ።

ነርሷ እንቅስቃሴውን የፈቀደችላት ሳምንት ጠብቃ ነው። እትዬ ለከርሞ ትንሹን ኳስ ይዛ ሄደች። በዚያ ቀን አንገቷ ላይ ያለው ሜትር ሥራ አገኘ፤ የልጇን ቁመት ለካች፣ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ለካች፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሃምሳ አምስት ሳንቲሜትር ምልክት አድርጋ ኳሱን ከምልክቱ ሥር ነፋች። ግድግዳ አስጠግታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ቀድማ ራሷ ተቀመጠችበት፤ ተረከዟ ወለሉን አገኘ። ከዚያ ልጇን በሁለት እጇ ደግፋ አስቀመጠቻት።

«እንዴት ነው?»

ልጅቷ ልትመልስ «እ...» አለችና ቆመች። እናቷን አየቻት። «ትንሽ ይበዛል፣ እማ።»

እትዬ ለከርሞ ደግፋ አስነሳቻት፣ በጉልበቷ ተንበርክካ አየሩን ትንሽ ለቀቀች፣ መልሳ አስቀመጠቻት። «አሁንስ?»

«ገና ነው።»

ደግማ ለቀቀች። ልጅቷ ሁለት መርገጫዋን ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ ጉልበቷ እጥፍ ብሎ፣ ወገቧ ቀጥ አለ። «በቃ» አለች። «ልኬ ነው።»

ያን ቀን ማታ እትዬ ለከርሞ አቧራ የጠጣውን የስፌት መኪናዋን ከፈተች። አዲስ የተወለደ ልጅ ርዝመቱ ሃምሳ ሳንቲሜትር አካባቢ እንደሆነ ከነርሷ ጠይቃ ነበር። ለስላሳ ነጭ ጨርቅ አውጥታ በሜትር ለካች። መቀሱ አራት ጣት ወደ ውጭ ፈቀቅ አለ፤ መልሳ ምልክቱ ላይ አመጣችውና ቆረጠች።

በሦስተኛው ቀን ሸሚዙን ስታመጣው የልጇ ባል መዳፉ ላይ ዘርግቶ ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ እኮ በወሩ ይጠበዋል!»

«ይጥበበው» አለች እትዬ ለከርሞ። «ይጥበበውና ሌላ እሰፋለታለሁ።»